አባ የያዙልኝ ኮፈን

ለእህቴ ልጅ ሠርግ ሳንጃ ከተማ ልደርስ እየተቻኮልኩ ነው። የአሮጌ መኪናዬን የኋላ ኮፈን ደግፈው የሚያቆሙት ሾኮች ግን ደክመዋል። ቀሐ ሰፈር ያለው መካኒክ ታከለ አሮጌዎቹን ፈታና አዲሶቹን ሊገጥም እንደ ድመት ተጠቅልሎ ከኮፈኑ ሥር ዕቃ መጫኛው ውስጥ ገባ። እኔ ኮፈኑን በሁለት እጄ ይዤ እቁነጠነጣለሁ።

"ምነው፣ አላለቀም?"

"ታገሥ እንጂ!"

ክንዴ ሲዝል የሰፈራችን ቄስ መጡ።

"ምነው ልጄ? በል አምጣ፣ ልያዝልህ" ብለው ተቀበሉኝ።

ታከለ ድምፃቸውን ሰምቶ ከውስጥ "አባ፣ ይባርኩኝ!" አለ።

አባ እንደ ልማዳቸው መስቀላቸውን ከጋቢያቸው ሥር ሊያወጡ ሁለቱንም እጃቸውን ለቀቁ። ኮፈኑ ድርግም ብሎ ተዘጋ። የመኪናዋ ቁልፍ ታከለ ኪስ ውስጥ ነው።

አባ ደንግጠው መስቀሉን ኮፈኑ ላይ አሳረፉና "እግዚአብሔር ይባርክህ" አሉ።

ከውስጥ፣ በታፈነ ድምፅ፣ "አሜን" ተባለ።