አውፍ የተባለለት ፎቅ

የምሰፋበት የቤታችን በረንዳ ከፎቁ ፊት ለፊት ነው። ከሚሴ ውስጥ የልብስ ስፌት መኪና የተዘረጋበት በረንዳ ሞልቷል፤ የኔን ልዩ የሚያደርገው ባሌን እያየሁ የምሰፋበት መሆኑ ነበር። እሱ ሦስተኛው ወለል ላይ ሆኖ ግድግዳ ይለስናል፤ እኔ ታች ተቀምጬ የተማሪ ዩኒፎርም እቀመቅማለሁ። ምሳ ሲደርስ መቀሴን ከፍ አድርጌ አሳየዋለሁ፣ እሱም ይወርዳል።

የሚቆምበት ነገር የባሕር ዛፍ እንጨት በሽቦ ታስሮ፣ በላዩ ጣውላ የተጋደመበት ነበር። ቀበቶ የለ፣ ቆብ የለ። ባለፎቁን ስለ ቀበቶ የጠየቀ ሠራተኛ፣ «ከፈራህ ጨፋ ውረድና ማሽላ ጠብቅ» ይባላል። ሠራተኛውም ስቆ ይወጣል፤ ባሌም ስቆ ከሚወጡት አንዱ ነበር።

አንድ ጠዋት ጣውላው ከዳው። ጩኸት አልሰማሁም። የሰማሁት ባልዲው ከእንጨት እንጨት እየተጋጨ ሲወርድ ነው። ቀና ስል እሱ ከአሸዋው ክምር አጠገብ ተጋድሟል፤ ግማሽ ክንድ ቢጠጋ ኖሮ አሸዋው ላይ ያርፍ ነበር። ሰዉ ተሯሯጠ። የከሚሴ ሰው ለመርዳት ሰንፎ አያውቅም። እጅና እግሩን ይዘው፣ አጥፈው ባጃጅ ውስጥ ከተቱት። እኔም ራሱን ደግፌ ገባሁ። ወገቡ የተሰበረ ሰው እንዲያ እንደማይታጠፍ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። ኋላ ደሴ ላይ ሐኪሙ «በምን አመጣችሁት?» ብሎ ሲጠይቀን ነው የገባን።

ወደ ደሴ ከመላካችን በፊት፣ ገና እዚሁ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ባለፎቁ አበጋሩን ይዞ መጣ። አበጋር እኛ አገር ሰው ሲጣላ፣ ደምም ሲፈስ የሚያስታርቅ፣ ነገሩን ከአባቱ የወረሰ ሽማግሌ ነው። እሱ የቋጨውን ማንም አይፈታውም። ፍየል ቤታችን ድረስ ተልኳል፤ የሥራ ጓደኞቹም ተሰብስበው አልጋውን ከበውታል። ባለፎቁ አለቀሰ። የውሸት ልቅሶ ቢሆን ለኔ ይቀለኝ ነበር፤ የእውነት ነበር።

«ልጄ፣ ቀደር ነው፤ አላህ የጻፈው ነው» አሉት አበጋሩ። «ሰውየው ደንግጧል። አውፍ በለው፤ ይቅር በለው።»

ባሌ ትንሽ እንኳ አላሰበበትም። «አውፍ ብዬዋለሁ፤ በዱንያም በአኼራም» አለ፤ በዚህም በሚመጣውም ዓለም።

የእርቁ ማሰሪያ ፋቲሓ ተቀራ፣ እጅ ፊት ላይ ተዳበሰ፣ አለቀ። እግሩ አልንቀሳቀስ እንዳለው ያውቅ ነበር፤ ግን ሁላችንም ድንዛዜ መስሎን ነበር። ምን እንደሚሰጥ ሳያውቅ ሰጠ። እኛ ዘንድ ሰው ሲወድቅ እርቁ ከራጁ ይቀድማል።

ደሴ ላይ ሕብለ ሰረሰሩ መቆረጡን፣ እግሩም ከእንግዲህ እንደማይሄድ ነገሩን። ቤት ተመለስን። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ማታ ስፌቴን እያቋረጥኩ አገላብጠዋለሁ፤ ካልተገላበጠ ጀርባው ይቆስላል። ባለፎቁ መጀመሪያ ስኳር ይዞ ይመጣ ነበር። ከዚያ ስኳሩን በሰው ይልክ ጀመር። ከዚያ ሁለቱም ቀሩ። ፎቁ ግን ማደጉን አላቆመም፤ እኔም ፊት ለፊቱ ከመስፋት በቀር ሌላ በረንዳ አልነበረኝም።

አንዲት ደንበኛዬ ፍርድ ቤቱ ግቢ ነፃ የሕግ ምክር የምትሰጥ ወጣት ጠበቃ እንዳለች ነገረችኝ። ሄድኩ።

«እህቴ፣ ይሄ የሥራ ላይ ጉዳት ነው» አለችኝ። «የማንም ጥፋት ባይሆን እንኳ አሠሪው ይጠየቅበታል። የጽሑፍ ውል ባይኖረውም በምስክር ይረጋገጣል።»

«ታርቀዋል እኮ። አውፍ ብሎታል።»

«ሠራተኛ ሕግ የሰጠውን መብት ትቻለሁ ቢል ሕጉ አይቀበለውም።»

ጆሮዬን አላመንኩም። ደግማ እንድትነግረኝ ለመንኳት፤ ደገመችልኝ። ካሳው ከተገኘ የሚገፋ ወንበር ይኖረዋል፣ ቢያንስ ከዚያ አልጋ ወርዶ ፀሐይ ያያል ብዬ ልቤ ዘለለ። ጠበቃዋ ግን አንድ ነገር ጨመረች፤ ወይ ራሱ መክሰስ አለበት፣ ወይ ለኔ ውክልና መስጠት አለበት። የጊዜ ገደብም አለው። የነገረችኝን ቀን ሳሰላው ከዐረፋ ማግስት ዋለ።

ቤት ገብቼ ስነግረው ጣሪያውን እያየ አዳመጠኝ።

«ህንታኡ» አለ። አይሆንም ማለቱ ነው፤ የእናቱን ቋንቋ የሚያወጣው ነገሩ ሲጸናበት ነው።

«ሕጉ ይፈቅድልሃል እኮ።»

«ሕጉ አልነበረም አውፍ ያለው። እኔ ነኝ።»

ተናደድኩ። ጨፋ ሮቢት ወርጄ አበጋሩ ቤት ሄድኩ። «አካም ጅርታ፣ ልጄ» ብለው ተቀበሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«እግሩ እንዲህ መሆኑን ባውቅ ያን ቀን አልሄድም ነበር፣ ወላሂ» አሉ። «የተቀራ ፋቲሓ እኔ አልመልስም። እሱ ራሱ አውፌን አንስቻለሁ ካለ ግን አልከለክለውም። አልቀየመውምም።»

ይህን ይዤ እየበረርኩ ተመለስኩ። ከሕጉ ይልቅ ይሄ ያሳምነዋል ብዬ ነበር። አላሳመነውም።

«እግሬ ሄዷል» አለ። «ቃሌን ደግሞ ላስከትለው? ከዚያ ምን ይተርፈኛል?»

«እኔ እተርፍሃለሁ። እኔን ከምን ቆጥረኸኝ ነው?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያለ እኔ ማዞር የሚችለው እሱን ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አነሳሁበት፤ ለምኜም፣ ተቆጥቼም። የሥራ ጓደኞቹ ዘንድም ሄጄ ነበር። «እሱ ይክሰስና እንመሰክራለን» አሉኝ፤ እንደማይከስ ስለሚያውቁ አፋቸው አልከበደም።

ዐረፋ አለፈ። ፎቁም አለቀ። ባለፎቁ ወዳጃ ጠራ፤ አዲሱ ቤት ጫት ተይዞ፣ ታርዶ ዱዓ ሊደረግለት። የበሽተኛ ዱዓ መቅቡል ነው፣ አላህ ዘንድ ይሰማል ብለው ባሌን ለመኑት። እሺ አለ። አሁን ማጠፍ እንደሌለባቸው ተምረዋል፤ ጣውላ ላይ አጋድመው፣ አራት ሆነው ተሸክመው ምድር ቤቱ መካከል አስቀመጡት። እግሮቹ ከጣውላው እንዳይንሸራተቱ እኔ ያዝኳቸው።

እጆቹን አነሳ። «ወደዚህ ቤት የሚገባውን የሚወጣውን አላህ ይጠብቀው» አለ። «ላይ የሚሠራውንም አያዳልጠው።»

«አሚን» ተባለ። ባለፎቁ እንደገና አለቀሰ። እኔ እጄን አላነሳሁም፤ እግሮቹን ይዣለሁ።

ቤት መልሰውን ሰዎቹ ሲወጡ ጠራኝ።

«ጠበቃዋ ያለችው ቀን አልፏል አይደል?»

«አልፏል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለና ዓይኑን ጨፈነ። «በየጠዋቱ፣ ዛሬ ውክልናውን ልስጥሽ ስል ነበር። አፌ ላይ እየደረሰ ስንቴ ዋጥኩት። ቀኑ ባያልፍ ኖሮ እሰጥሽ ነበር። አሁን አረፍኩ።»

ለካ እኔ ተስፋ የቆረጥኩበት ሰው በየጠዋቱ በአንዲት ቃል ያመልጠኝ ነበር። ብናገር ክፉ ነገር እንደሚወጣኝ አውቄ ብርድ ልብሱን አስተካከልኩለት።

«ወደ ግድግዳው አዙሪኝ» አለ። አዞርኩት። ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። ከወደቀ ጀምሮ እንዲያ ተኝቶ አያውቅም። እኔ በረንዳው ላይ ወጥቼ የጀመርኩትን ዩኒፎርም ቀመቀምኩ።