ፖስተር ለሽጉጤ ሱቅ

ሽጉጤ ደቡብ አፍሪካ፣ ኦሬንጅ ፋርም ውስጥ ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለው። ስፓዛ ይሉታል። ባለሱቁ ሀበሻ ከሆነ ደግሞ ስሙ ማንም ይሁን ማን «ማይ ፍሬንድ» ነው። ከሆሳዕና ከመጣ ጀምሮ ሽጉጤ ብሎ የጠራው ደንበኛ የለም፤ ያንንስ ለምዶታል። ያልለመደው በደፈናው የሚወራ ነገር ነው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆነ ሰባኪውን እንኳ «ምዕራፍና ቁጥሩስ?» ብሎ ይይዘዋል።

ቅዳሜ ጠዋት የአከራዩ ልጅ ምዱዱዚ የፓርቲውን የምርጫ ፖስተር ጠቅልሎ መጣ።

«ማይ ፍሬንድ፣ ሱቅህ ላይ ልለጥፍ።»

እምቢ ቢል ሰፈሩ ሊቀየመው ነው፤ ሰፈሩ የተቀየመው ሱቅ ደግሞ ውሎ አያድርም። እሺ ከማለቱ በፊት ግን የፓርቲውን ፕሮግራም ተቀበለና ዩኒቨርሲቲ ለምትማረው ልጁ ለፊቤ ሰጣት። እሷም ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችለት። ጸጥታ በሚለው ክፍል፣ «የውጭ ዜጎች የያዟቸውን የሰፈር ሱቆች እንዘጋለን» ይላል። ገጹ ሲገለበጥ የውጭ ፖሊሲው መጣ፤ «አፍሪካውያን ወንድማማቾች ናቸው፣ ድንበር አይለያቸውም።»

«ቆይ እስቲ፣ ድገሚው።»

ደገመችው።

«ይሄን የጻፈው አንድ ሰው ነው?»

«ኮሚቴ ነው፣ ዳዲ።»

«ኮሚቴው እርስ በርሱ አይተዋወቅማ።»

ከዚያ ዙሉና እንግሊዝኛ ቀላቅሎ ወደ ምዱዱዚ ዞረ። «አንተ ልጅ፣ እዚህ ጋ ትዘጋኛለህ፣ እዚያ ጋ ታቅፈኛለህ። የቱን ልያዝልህ?»

«አንተን አይደለም እኮ። ወረቀት የሌላቸውን ነው።»

«የት ይላል? ቁጥሩን አሳየኝ።»

ምዱዱዚ ገጹን ገለበጠ፣ መለሰ፣ ደግሞ ገለበጠ። «የታወቀ ነው። ሁሉም ይገባዋል።»

«በሬን ሊሰብር የሚመጣውም ይገባዋል? ጸጥታ ብላችሁ ስለ ሌባ አንድ መስመር የላችሁም። ባለፈው ወር የዘረፈኝ ሰውዬ መጀመሪያ ፓስፖርቴን አየ እንዴ?»

«ዳዲ፣ ሪላክስ» አለች ፊቤ። «ሁሉም ፓርቲ እንደዚህ ነው የሚጽፈው።»

ይሄ ደግሞ ባሰበት። የምትመርጠው ዜግነት ያላት እሷ ናት፤ እሱ ድምፅ የለውም።

«እና፣ ልለጥፍ አልለጥፍ?» አለ ምዱዱዚ፣ እጁ ዝሎ።

ሽጉጤ ግድግዳውን አየ፣ በሩን አየ። በመጨረሻ ወደ ላይ የሚጠቀለለውን የብረት መዝጊያ ጎትቶ እስከ ወገቡ አወረደው።

«እዚህ ላይ።»

«ስትከፍት ተጠቅልሎ ይደበቃል እኮ።»

«አዎ። ካሸነፋችሁ ግን ቀኑን ሙሉ ይታይላችኋል።»

ምዱዱዚ ሳቀ፤ ሽጉጤ አልሳቀም። ፖስተሩ ተለጠፈ። ሙጫው እስኪደርቅ እንኳ ሳይጠብቅ መዝጊያውን ወደ ላይ ገፋውና ስኳር ሊመዝን ገባ።