ባዳሳ ብቻውን ያየው መስመር

ባዳሳ ጎሮ ተወልዶ ሮቤ የኖረ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል፤ እሱ ሰርቨሩን፣ እኔ መዝገብ ቤቱን ይዘን።

በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የገበሬዎች የመሬት ይዞታ ፋይሎች ከሰርቨሩ መጥፋት ጀመሩ። የጠፉት በመረጃ ጸሐፊዋ በማሚቱ የተጠቃሚ ስም ስለነበር "ጉቦ በልታ ነው" ተባለ። ማሚቱ የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ክሱ ከጸና እስር ይጠብቃታል።

ባዳሳ አላመነም። ተርሚናሉን፣ ለማሽኑ ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ከፍቶ አንድ ትእዛዝ ጻፈ። የማሽኑ እምብርት የሆነው ከርነል የሚሠራውን ሁሉ በየቅጽበቱ በጥቁሩ ስክሪን ላይ ያወርድለት ጀመር፤ የትኛው ፕሮግራም፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛውን ፋይል እንደነካ። በዚያ መንገድ የሚታይ መስመር ግን አንዴ ከተነበበ ማሽኑ ውስጥ አይቆይም፤ ወደ ፋይል ካልቀዱት ቀረ።

"ቅዳው እንጂ" አልኩት።

"አንቺ ደግሞ ማስነጠስም ቁጥርና ቀን ይሰጠው ትያለሽ። መጀመሪያ ልየው።"

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ አየው። ዲስኩ ሲሞላ የቆዩ ፋይሎችን የሚያጠፋ ፕሮግራም ነበር፤ ሰርቨሩን የተከሉት ሰዎች በማሚቱ ስም አስገብተው ረስተውታል። "ኤሬ ማሚቱ፣ ነጻ ወጣሽ!" እያለ በኮሪደሩ ሮጠ። ሲመለስ መብራት ሄዶ ማሽኑ ቆሟል። አልነሳ ስላለ በማግስቱ የተከሉት ሰዎች መጥተው ሁሉንም ደምስሰው እንደ አዲስ ጫኑት።

"ሰነዱ የታለ?" አሉት ክሱን የሚያጣራው የመሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ጉርሜሳ።

"በዓይኔ አይቻለሁ፣ ኦቦ ጉርሜሳ።"

"ዓይንህን ከመዝገቡ ጋር አላያይዘው!"

ሰው ሳቀ። ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። "የቀረበ ማስረጃ የለም" ብዬ ጻፍኩ፤ የባዳሳን ቃል ግን ሰነድ አይደለም ብዬ ተውኩት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ መጋቢት ላይ ማሚቱ አራት ዓመት ተፈረደባት።

ከዚያ ወዲህ ባዳሳ በየጠዋቱ ያንኑ ትእዛዝ እየጻፈ፣ ደብተር ይዞ ስክሪኑ ፊት ይቀመጥ ነበር። በ2007 ሰኔ ጎባ ሆስፒታል በጉበት በሽታ ሞተ።

ደብተሩን እህቱ አመጣችልኝ። ከቀን በቀር ሁሉም መስመር አንድ ነው፤ "ዛሬም አልታየም።" በመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻ ያን ረፋድ ያየውን ከነሰዓቱ ጽፎታል። ከሥሩ፣ "ቅዳው ብላኝ ነበር።"

በኮሚቴው ፊት የተናገረውን ቃል ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ከደብተሩ ጋር ለአቶ ጉርሜሳ አቀረብኩ። "ጊዜው አልፏል" ብለው መለሱት። ቁጥር ሰጥቼ ከማሚቱ ፋይል ጋር አያያዝኩት። ለመፈታት ሃያ አንድ ወር ይቀራታል።