የኋላ መብራት በጠራራ ፀሐይ

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ በሰባዎቹ አጋማሽ፣ ደብረ ታቦር ውስጥ ነው። ዕድሜዬ ገፍቶ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። አብረውኝ የሠሩ ሰዎች ስም እንኳ ይጠፋብኛል። ይህን ግን አልረሳሁም። ሰው "ያለፈው አለፈ" ሲለኝ ሆዴ ይቃጠላል፤ እኔ ዘንድ አላለፈማ!

ያኔ ጤና ረዳት ነበርኩ። ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳር መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ወንዱም ሴቱም ብስክሌት ይነዳል። ደብረ ታቦር ክሊኒክ ስመደብ አባቴ ፋብሪካ የሚመላለስበትን ብስክሌት "በሰው አገር በእግርሽ አትንከራተቺ" ብሎ አውቶቡስ ላይ አስጭኖ ላከልኝ።

ደብረ ታቦር ሌላ አገር ነው። ዳገቱም ብርዱም አይጣል ነው። ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ ስትወጣ ያየም ብዙ አልነበረም። መጀመሪያ ሰሞን ሴቶቹ "በስመ አብ!" እያሉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጉ ነበር። እያደር ግን ለመዱኝ። ወላድ ስትጨነቅ "ያቺን ባለ ብስክሌቷን ጥሩ" ማለት ጀመሩ።

አንድ ሰሞን ቀበሌያችን ስለ ብስክሌት መመሪያ አወጣ ተባለ። በከተማው የነበሩት ብስክሌቶች ቢሰበሰቡ አንድ ደጃፍ አይሞሉም። መመሪያው ግን ለአሥር ከተማ ይበቃ ነበር። ደወል ይኑረው፣ የፊትና የኋላ መብራት ይኑረው፣ ቁጥር ይጻፍበት፣ ሰው አይፈናጠጥበት፣ በገበያ ቀን በገበያው መንገድ አይነዳ፣ በቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ሥር አይቁም። ይህ ሁሉ በድምፅ ማጉያ ቀኑን ሙሉ ተለፈፈ። አዳራሹ ግድግዳ ላይም "ብስክሌት ማቆም ክልክል ነው" ተብሎ በቀይ ቀለም ተጻፈ።

እኔ ሕግ አልጠላም። ደወልና የፊት መብራት ነበረኝ፤ ቁጥሩንም አጻፍኩ። የጎደለኝ የኋላ መብራት ብቻ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ለቀበሌው ሊቀመንበር ሄጄ ነገርኩት። "ከባሕር ዳር እስኪመጣልሽ ችግር የለም፤ ብቻ ሲመሽ አትንጂ" አለኝ። አምኜው ተቀመጥኩ።

አንድ ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ አንድ ገበሬ እየሮጠ ክሊኒኩ ግቢ ገባ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፤ ትንፋሹ ተቆራርጧል። አያሌው ይባላል። ቤቱ ከከተማው ወጣ ብሎ በገሳይ መንገድ በኩል ነው።

"እሜቴ፣ በማርያም ይድረሱልኝ!" አለኝ። "ልጁ ተወልዷል። የእንግዴ ልጁ ግን አልወርድ አለ። ደሙ አልቆም ብሏል።"

ይህን የሰማ የጤና ሰው መቆም አይችልም። የእንግዴ ልጅ ሳይወርድ ደም የሚፈሳት እናት እያየናት ነው የምታልቀው። የክሊኒኩ መኪና ካድሬዎችን ለስብሰባ ይዞ ሄዷል። ደም የሚያቆመውን መርፌና ጓንቱን በቦርሳዬ ከትቼ ብስክሌቴን አወጣሁ። ገበያውን ካለፍኩ በኋላ መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ በብስክሌት ከማንም ቀድሜ እደርሳለሁ። አያሌው፣ እናቱ መንገድ ዳር ቆመው እንደሚጠብቁኝ ነገረኝና ከኋላዬ ተከተለኝ።

ገበያው አፍ ላይ ስደርስ ወረድኩ። መመሪያው "አይነዳ" ነው የሚለው፤ እኔም አልነዳሁም፤ እየገፋሁ ገባሁ። እህሉን፣ በጉን፣ የጉናን ድንች የተሸከመውን ሰው እያለፍኩ መሃል ስደርስ አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አግድም ይዞ ቆመብኝ።

"በገበያ ቀን ብስክሌት ክልክል ነው።"

"እየገፋሁ ነው እኮ። ሴት እየሞተች ነው፤ አሳልፈኝ።"

"ትዕዛዝ ነው። ሊቀመንበሩ ይምጣ።"

ሊቀመንበሩ አዳራሹ በር ላይ ቆሞ ያየናል። ቅርብ ነው፤ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። ግን አልተጣደፈም። ከሰው ጋር ሰላምታ እየተለዋወጠ፣ እጁን ከኋላው አጣምሮ መጣ። ነገርኩት። አያሌውም ደርሶ ነበር፤ እሱም ነገረው። ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ ደወሉን ደወለው። መብራቱን የሚያበራውን ዲናሞ ከጎማው አስጠግቶ የፊቱን ጎማ በእጁ አሽከረከረው፤ መብራቱ ጭል ጭል አለ። ገበያተኛው ከቦን ያያል።

"የኋላውስ?" አለኝ።

"ከባሕር ዳር እስኪመጣ ፈቅደውልኝ የለም እንዴ ጓድ ሊቀመንበር?"

"እኔ የፈቀድኩት ነገር የለም።"

ዓይኔን እያየ ነው የካደኝ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ናት፤ ጥላችን እንኳ ከእግራችን ሥር አልወጣም። በዚያ ፀሐይ የኋላ መብራት ይጠይቀኛል!

አያሌው መሬት ላይ ተንበረከከ። "ጌታዬ፣ ምሽቴ እየሞተችብኝ ነው። ይልቀቋቸው።"

ሊቀመንበሩ ቁልቁል አየው። "ጌታ የሚባል ነገር የለም። ጌታና ሎሌ በአብዮቱ ቀርቷል። ጓድ በል!"

አያሌው እንደተንበረከከ "ጓድ" አለ። "ጓዴ፣ በልጆችዎ ይዤዎታለሁ፣ ምሽቴን…"

እዚያ ላይ ደሜ ፈላ። ጌታ ቀርቷል እያለ ሰውን እግሩ ሥር አንበርክኮ ስለ አጠራር ያስተምራል! ብስክሌቱን ለቀቅኩት፤ መሬት ላይ ወደቀ። "ውሰዱት!" አልኩ። "ውሰዱትና ብሉት!" ቦርሳዬን ይዤ በእግሬ መሮጥ ጀመርኩ። ከኋላዬ "ለዚህ ንግግርሽ ትጠየቂያለሽ!" ሲል ሰማሁት።

ብዙም ሳልሄድ "ልጄ! ቁሚ!" የሚል ድምፅ ጠራኝ። ፂማቸው የነጣ፣ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። ሐጂ ኑሩ እንደሚባሉ ያወቅሁት ኋላ ነው። ከአዲስ ዘመን ከተማ በኩል ጨው ጭነው የመጡ ነጋዴ ናቸው። በቅሏቸውን ገና አላራገፉም ነበር። ነገሩን ቆመው ሰምተው ኖሯል። ምንም ሳይጠይቁኝ የጭነቱን ጠፍር በቢላዋ ቆረጡት። የጨው ስልቻው መንገዱ መሃል ዱብ አለ።

"ውጪ" አሉኝ።

"አባባ፣ ጨውዎ…"

"ጨው ይቆያል። ነፍስ አትቆይም። ውጪ!"

በቅሎ ላይ ወጥቼ አላውቅም ነበር። ከኋላዬ ሮጦ የደረሰው አያሌው አንሥቶ አስቀመጠኝ። ሐጂ ጨዋቸውን ለጎረቤት እንኳ አደራ ሳይሉ ልጓሙን ይዘው በዚያ ዕድሜያቸው እየሮጡ ከፊት ከፊት ሄዱ። ትንፋሻቸው ሲያጥር አያሌው ይቀበላቸዋል። እኔ የበቅሎዋን ጋማ ጨብጬ በልቤ አንዴ እጸልያለሁ፣ አንዴ እራገማለሁ።

የአያሌው እናት መንገድ ዳር ቆመው ነበር። ሲያዩን እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ፤ አልጮኹም። ስላልጮኹ በሕይወት አለች ማለት ነው ብዬ ገባሁ።

የአያሌው ምሽት ጥሩዬ መደብ ላይ ተኝታለች። ከንፈሯ አመድ መስሏል። እጇን ስይዘው ቀዝቃዛ ነው፤ የደም ሥሯ ትርታ እየጠፋ ይመለሳል። ከሥሯ የተነጠፈው አጎዛ በደም ርሷል። ስሟን ስጠራው ዓይኗን ገለጠች። "ልጁስ?" አለችኝ። ሕፃኑ ጥግ ላይ አንዲት ጎረቤት እቅፍ ውስጥ ያለቅሳል። "ስሚው፣ እየጮኸ ነው" አልኳት።

መርፌውን ወጋኋት። ሆዷን አሸሁ። አልወርድ ያለውን የእንግዴ ልጅ በእጄ ገብቼ አወጣሁት። ደሙ ረገብ አለ። የጠፋው ደም ብዙ ነበር። ጎረቤቶቿ ቃሬዛ ሠርተው እየተፈራረቁ ተሸክመው ሆስፒታል አደረሷት። ወንድሟ ደም ሰጣት። ጥሩዬ ተረፈች። ነገር ግን ከአልጋ የተነሣችው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው፤ ጡቷ ደርቆ ልጁን ያጠባችላት ጎረቤት ናት። ከዚያ ወዲያም አልወለደችም። ያ ሁሉ ደም የፈሰሰው እኛ ገበያ መሃል ስለ መብራት ስንከራከር ነው። ይህን ማንም ሊያስተባብለኝ አይችልም።

በማግስቱ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ስብሰባ የቀረ ከቀበሌው ሱቅ ስኳር ስለማይሸጥለት አዳራሹ ጢም ብሏል። ሐጂ ኑሩ ከበር ጎን ቆመዋል። እሳቸውም ተከስሰው ነበር፤ ክሳቸው "በሕዝብ መተላለፊያ ላይ ጨው ማራገፍ" የሚል ነው። እኔ ደግሞ "መመሪያ በመናቅና የቀበሌ መሪን በመዝለፍ" ግለ ሂስ አድርጊ ተባልኩ።

ወደ አዳራሹ ስገባ አንድ ነገር አይቼ ነበር። ያ የአብዮት ጥበቃ የአባቴን ብስክሌት ሲነዳ መጥቶ አቁሞታል። ያቆመው የት መሰላችሁ? "ብስክሌት ማቆም ክልክል ነው" የሚለው ጽሑፍ ሥር።

ሌሊቱን ሙሉ የምናገረውን ሳወጣ ሳወርድ ነበር ያደርኩት። ስቆም ሁሉም ጠፋኝ።

"ጥፋቴን አምናለሁ" አልኩ። "ትናንት በስድስት ሰዓት ፀሐይ የኋላ መብራት ሳልይዝ በገበያ ውስጥ ብስክሌት ገፍቻለሁ።"

አንዲት ባልቴት ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። ከጎኗ ያለችውም አፏን ያዘች።

"ሐጂም አጥፍተዋል" አልኩ፤ አሁን ድምፄ ከፍ ብሏል። "ጨው ጥለው ሰው አንሥተዋል። ግን ሌላም ጥፋተኛ አለ። እዚሁ ግድግዳ ላይ፣ ከክልክሉ ጽሑፍ ሥር፣ የኋላ መብራት የሌለው ብስክሌት ቆሟል። ባለቤቱ ነኝ እንዳልል ተይዞብኛል። የነዳው ሰው ይነሣና ግለ ሂስ ያድርግ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በዚያ ዘመን ሰው እንዲያ ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም። በር ላይ ያሉት ወጥተው እያዩ "እውነቷን ነው!" ይላሉ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን እየደበደበ "ጸጥታ!" ይጮኻል። የሚሰማው ግን የለም። የእኔ ዓይን ግን እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ቀልድ አልነበረም የተናገርኩት።

ለዚያ ሳቅ የከፈልኩት እኔ ነኝ። ያን ሌሊት የቀበሌው እስር ቤት አደርኩ። ብስክሌቱ ለአብዮቱ ተወረሰ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ጉና ሥር ወዳለ፣ ሰው በእግርና በበቅሎ ብቻ ወደሚደርስበት ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ። ሐጂንም የማላውቀው ነገር አድርገዋቸው ይሆናል፤ ደግሜ አላየኋቸውም። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልኝ። አባቴ ስለ ብስክሌቱ ስነግረው "ሴትየዋ ተረፈች?" ብቻ ብሎ ጠየቀኝ።

ደርግ ከወደቀ ከዓመታት በኋላ ባሕር ዳር መናኸሪያ አውቶቡስ ስጠብቅ አንድ ሸበቶ ሰው እጁን ዘርግቶ መጣ። ሊቀመንበሩ ነው።

"ብስክሌተኛዋ!" ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ፣ እንደ ዘመድ። "ያቺ ብስክሌትሽ! እንዴት ያለች ጠንካራ ዕቃ ነበረች! ስንት ዓመት አገለገለችን።" ይስቃል። ልጅነትን እንደሚያስታውስ ሰው ይስቃል።

እጁን ከትከሻዬ አወረድኩት። "ሴትየዋስ?" አልኩት።

"የትኛዋ ሴትዮ?"

ፊቱን አየሁት። አላስመሰለም። ደወሉን፣ መብራቱን፣ ጎማውን ሁሉ ያስታውሳል። እግሩ ሥር የተንበረከከውን ሰው፣ ልትሞትበት የነበረችውን ሚስቱን ግን አያስታውስም። ከዚያ በፊት አንድ ቀን ይቅርታ ቢጠይቀኝ ምን እንደምመልስለት አስብ ነበር። በከንቱ ነው የደከምኩት።

"ጥሩዬ ነው ስሟ!" አልኩት ጮክ ብዬ። መናኸሪያው ዞሮ አየን። እሱ ግራ ተጋብቶ ፈገግ እንዳለ ትቼው አውቶቡሴ ላይ ወጣሁ።

ሰዎች "ንዴት ሰውነት ይጎዳል፣ ተይው" ይሉኛል። አልተወውም። እኔ ከተውኩት፣ የጥሩዬን ደም የሚያስታውስ ከቤተሰቧ በቀር ማን ይቀራል?