ያልታየው ሳጥን

በጦርነቱ ጊዜ መርሳ፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ከቆቦ በኩል የመጡ ተፈናቃዮችን እመዘግብ ነበር። ኮምፒውተር ትችላለህ ተብዬ ባንዲት ያረጀች ላፕቶፕ ላይ የጠፋ ሰው መፈለጊያ ፕሮግራም አዘጋጀሁ። ወልድያ የተመዘገቡትም በፍላሽ እየመጡልኝ አብረው ይገባሉ። ስም ሲጻፍበት ሰውየውን ወዲያው ያወጣዋል። ጉራዬ አይጣል ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ልጅ ያዘለች ሴት መጣች። ከአባቷ ጋር መንገድ ላይ ተጠፋፍተዋል። ስማቸውን ጻፍኩ፤ አልወጣም።

«አንደበታቸው ከተዘጋ ቆየ፤ ስማቸውንም አይናገሩ» አለችኝ። «የቀኝ ጆሯቸው ጫፍ ግን ቆራጣ ነው። እስቲ በሱ እይልኝ የኔ ወንድም።»

መዝጋቢዎቹ እንዲህ ያለውን ምልክት «ማስታወሻ» በሚለው ሳጥን ነበር የሚጽፉት። እዚያ ላይ «ጆሮ» ብዬ ፈለግሁ። «ምንም አልተገኘም» አለ ፕሮግራሙ።

«ወልድያስ?»

«ወልድያም የሉም» አልኳት። ሰልፉ ረጅም ነበርና ቀጣዩን ጠራሁ።

ከሰዓት በኋላ አብራኝ የምትሠራው ነርስ ማስታወሻው ላይ «ነፍሰ ጡር» የተባሉትን አውጣልኝ አለችኝ። ምንም አልተገኘም።

«ኧረ ተው! ጠዋት በእጄ የጻፍኳቸው አሉ እኮ» ብላ ሳቀችብኝ።

እኔ አልሳቅሁም። ፕሮግራሙ የሚፈልገው አስቀድሞ ባዘጋጀው የቃላት ማውጫ ውስጥ ብቻ ነው። ስምና ቀበሌ ማውጫው ውስጥ ገብተዋል። ማስታወሻውን ግን ላፕቶፗ እንዳትንቀራፈፍ ብዬ ያስቀረሁት እኔው ነኝ። ማውጫ በሌለው ሳጥን ውስጥ ፈልግ ሲባል «እዚህ አላየሁም» ማለት ሲገባው «ምንም አልተገኘም» ይላል። እንዲያ እንዲል ያደረግሁትም እኔው ነኝ። በራሴ አፈርኩ።

ማስታወሻዎቹን ከመጀመሪያው ጀምሬ አንድ በአንድ በዓይኔ አነበብኩ። ወልድያ ከተመዘገቡት መሃል አገኘኋቸው፦ «ስም ያልታወቀ። አይናገሩም። ቀኝ ጆሮ ቆራጣ።»

ሴትዮዋ ያረፈችበትን ክፍል እየጠየቅሁ ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ታለቅሳለች፤ አብረዋት የተሰደዱ ሴቶችም ከበዋታል። መዝገቡ ላይ ከሌሉ መንገድ ላይ ወድቀው ቀርተዋል ብላ ነው። መርዶውን ያረዳኋት እኔ ነበርኩ።

«እህቴ፣ አባትሽ አሉ። ወልድያ ናቸው» አልኳት።

እልል ያለ ሰው አልነበረም። ቀና ብላ አየችኝ።

«ጠዋት የሉም አላልከኝም?»

«ጠዋት ሳጥኑን አላየሁትም ነበር።»

«ሳታይ ነው የነገርከኝ?»

«አዎ» አልኩ።

ልጇን አዝላ ተነሳች። አንዲት ሴት ነጠላዋን ልታስተካክልላት እጇን ስትዘረጋ ከለከለቻት።

«በዓይኔ ሳላያቸውማ አይሆንም» አለች፤ እንዳዘቀዘቀች የወልድያውን ሚኒባስ ተሳፈረች።