ለጥሩነሽ የጻፍኳቸው ሁለት ደብዳቤዎች

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ የሥራ ማመልከቻዋን እንድመለከትላት አመጣችልኝ። አንድም ስሕተት የለበትም። ሦስት ጊዜ ባነበውም ግን ልጅቷን ራሷን ከውስጡ አጣኋት። «ምን ጎደለው፣ እማማ?» ስትለኝ ወረቀቱን አጣጥፌ መለስኩላት። ከሄደች በኋላ መቀመጥ አቃተኝ፤ ከመስኮት ወደ በር ስመላለስ ዋልኩ። የድሮ ነገር ተነሥቶብኝ ነው።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ጣሊያን አገሩን ይዞ እኛው ጎጃም ይጁቤ ላይ ምሽግ ሠርቷል። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ፊደሉንም ዳዊቱንም ያስተማሩት እኔን ነው። ዓይናቸው ሲደክም የሰፈሩን ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ሆንኩ። ኩራቴ አይጣል ነው! «ከአድማስ እስከ አድማስ የሚሰፋ ሰላምታዬ ይድረስህ» ሳልል አልጀምርም፤ መሀል ላይ ግእዝ ጣል አደርግበታለሁ። ላኪው ማንም ይሁን ማን፣ ደብዳቤው ያው ነበር።

ሰኔ ላይ ጎረቤታችን ጥሩነሽ መጣች። ባሏ ቢያድግልኝ አርበኛ ሆኖ ዓባይ በረሃ ከወረደ ዓመት አልፎታል። የምሽጉ ሹም «እጁን የሰጠ ይማራል» ብሎ አሳውጆ ነበር፤ ይህን አምኖ የገባው የአጎቷ ልጅ ግን ደብረ ማርቆስ ተወስዶ በሳምንቱ ተገደለ።

«እንዳይገባ ጻፊልኝ» አለችኝ።

አሳምሬ ጻፍኩላት። ጨው ነጋዴው ሰይድ በአህያው ጭነት ውስጥ ደብቆ ወሰደው፤ ቢያዝ አንገቱ ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጭቃ በጭቃ ሆኖ ተመለሰ።

«አላመነውም» አለን፣ የረጠበ ጋቢውን እየጨመቀ። «ከምሽጉም በእሷ ስም ደብዳቤ ደርሶታል፤ ‹ልጆችህ ተራቡ፣ ግባ› የሚል። የዚያም ሰላምታ ከአድማስ እስከ አድማስ ነው። ‹አንዱ ግባ ይለኛል፣ አንዱ አትግባ ይለኛል፣ ሁለቱም ጥሩነሽን አይመስሉም› አለኝ። ለልጆቹ ሲል ሐምሌ ሳያልቅ ሊገባ ቆርጧል።»

ፊቴ ጋለ። ጥሩነሽ አልተቆጣችኝም። «እኔ እንዲህ ነው እንዴ የምናገረው?» ብቻ አለችኝ።

ሰይድ በማግስቱ ተመላሽ ነበር። ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ቀደድኩ፤ እጄ በራሱ ወደዚያ አድማስ ይሄድብኛል። ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል። ጥሩነሽ የተቀቀለ ድንች እየላጠች ባሏን በሌለበት ትወቅሰዋለች። በመጨረሻ እሷን መስማት፣ ያለችውንም እንዳለ መጻፍ ጀመርኩ።

«አንተ ደረቅ! ቀይዋ ላም ወለደች፤ እንገሩን ልጆቹ ጠጡት። አልተራቡም። ገብሱን ወንድምህ ዘራልኝ። የጓሮው አጥር ወደቀ፤ ማገሩን አጥብቅ ብዬህ ነበር፣ መቼ ሰማኸኝ። የአጎቴ ልጅ ገብቶ የሆነውን ሰይድ ይንገርህ። ከገባህ አላለቅስልህም።»

«እትዬ፣ የመጨረሻውን ልሰርዘው?»

«እንዳትነኪው! እሱን ሲያይ ነው የሚያውቀኝ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ሐምሌ እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። አህያ በጮኸ ቁጥር ደጅ እወጣለሁ። ሰይድ የመጣው የወሩ ማብቂያ ላይ ነው።

«ሲያነብ አጥሩ ወደቀ የሚለው ጋ ሲደርስ ሳቀ» አለን። «መጨረሻው ላይ ‹ይቺ ጥሩነሽ ናት› አለ። አይገባም።»

ጥሩነሽ እልል ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ሰይድ ግን ገና አልጨረሰም ነበር። ከቢያድግልኝ ጋር የነበረው የሰፈራችን ልጅ ካሣ እጁን ሰጥቶ ተረሽኗል።

ለካሣም «አትግባ» የሚል ደብዳቤ ደርሶት ነበር። እናቱ ያጻፉት በእኔ እጅ ነው፤ በዚያው ሰኔ፣ በዚያው ሰላምታ።

ቢያድግልኝ ጣሊያን ሲወጣ ወደ ቤቱ ገባ። እኔም ብዙ ጻፍኩ፣ መጻሕፍትም አሳተምኩ። አንባቢዎች «አጻጻፍሽ ሰው ሰው ይላል» ሲሉኝ አመሰግናለሁ። ግን አልረጋም። የካሣ እናት ደብዳቤውን ያጻፉ ቀን አጠገቤ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን በጣታቸው እየጠቀለሉ፣ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ልጃቸውን ቤት ውስጥ ምን ብለው እንደሚጠሩት እንኳ አልጠየቅኳቸውም። ዛሬም አላውቀውም።