ነጩ ክር

በጋራዡ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሠራውን ኤሌክትሪሻን በስሙ የሚጠራው አልነበረም። የመፈተሻ አምፖል ከደረት ኪሱ ተለይታ ስለማታውቅ ሁሉም ጋሽ አምፖል ይሉታል። ሽቦ ሲቀጥል ጠምዝዞ አይተወውም፤ በመበየጃ ካውያ ሊድ አቅልጦ ያጣብቀዋል፣ የሚጣበቅ ናስትሮ ይጠቀልልበታል፣ የናስትሮውንም ጫፍ ሙቀት እንዳይፈታው በነጭ ክር ያስረዋል። ነጭ ክር ያለበትን ሌላ ሰው አይነካውም ነበር። እሱም በዚህ ትንሽ ይኮራል፤ ይኩራ፣ ማን ይከለክለዋል።

ያን ሰሞን አሸዋ የሚያመላልሰው የድርጅቱ መኪና ከአደጋ ተመልሶ ግቢው ውስጥ ቆመ። አመሻሽ ላይ ቁልቁለት ሲወርድ ሹፌሩ ፍሬን ይይዛል፣ ከኋላ የነበረ ሞተረኛ ይላተመዋል፤ ሞተረኛው በሦስተኛው ቀን ሞተ። ያዩ ሰዎች የፍሬን መብራቱ አልበራም ብለው መሰከሩ። ሹፌሩ ደግሞ ጠዋት ፈትሼ በርቷል፣ ፈርሜያለሁ አለ። ሳይፈትሽ ፈርሞ ከሆነ መንጃ ፈቃዱ ብቻ ሳይሆን እሱም መሄዱ ነው፤ ወህኒ ይጠብቀዋል። ይህ ሹፌር የጋሽ አምፖል የልጁ ባል ነው።

ሌላ ሰው ይፈትሸው ቢባልም እንዲህ ያለ ብልሽት የሚያገኝ ሌላ ሰው አልነበረም። ጋሽ አምፖል ሁለት ቀን ፈለገ። አምፖሎቹ ደህና፣ ፊውዙ ደህና፣ ከፍሬን መርገጫው ሥር ያለው ማብሪያም ደህና። ፍሬኑ በተረገጠ ቁጥር የኋላ መብራቶቹ ያላንዳች ችግር ቦግ ይላሉ። ሦስተኛው ቀን ላይ ድንገት ቆም አለና፣ አደጋው ሲደርስ መኪናው ጭነት ነበረው፣ እኔ የምፈትሸው ባዶውን ነው ብሎ አሸዋ አስጫነ። የጋራዡ አለቃ ራሱ ጋቢና ገብቶ ፍሬን ረገጠ። መብራቱ ሳይበራ ቀረ።

ጋሽ አምፖል በጀርባው ተኝቶ ከመኪናው ሥር ገባ። ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራ ተጭኖ ወርዶ፣ ከሥር ባለው የብረት አጽም፣ በሻንሲው ጠርዝ ላይ የሚያልፈውን ሽቦ ወጥሮታል። የተወጠረው መገጣጠሚያ ላይ፣ በጭቃ መሐል፣ ነጭ ክር ነበር።

ናስትሮውን ጫፉን ብቻ ገለጥ ሲያደርገው ሊድ የለውም፤ የተጠመዘዘው ሽቦ ተላቋል። ያኔ ሁሉም ነገር መጣለት። ከስምንት ወር በፊት አማቹ ይህንኑ መኪና አምጥቶ ሽቦ ሲያስቀጥል የጋራዡ መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ካውያ አይሠራም። በዚያው ቅጽበት ልጅህ ምጥ ላይ ናት የሚል ስልክ ተደወለ። ጠምዝዞ ጠቀለለው፣ እጁ ስለለመደ ክሩንም አሰረለት፣ ነገ እበይደዋለሁ ብሎ ከአማቹ ጋር ተያይዘው ወደ ሆስፒታል በረሩ። የልጅ ልጁን አቀፈ። በደስታው ነገን ረሳው።

መቀሱ ኪሱ ውስጥ ነበር። ክሩን ቆርጦ ቢውጠው እንኳ የሚያይ የለም፤ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው የሠራው ይሆናል፣ ጠዋት ባዶውን ፈትሾ መፈረሙ ስለታወቀ አማቹም ይድናል። አልዋሽም፣ መቀሱን አውጥቶታል። ከዚያ ሞተረኛው ትዝ አለውና መቀሱን ወደ ኪሱ መለሰው። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው የሚሉት እውነት ነው።

«ምን አገኘህ?» አለ አለቃው ከላይ።

«ውረድና እየው። ሹፌሩንም ጥራው።»

ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩ። አለቃው ክሩን ሲያይ የምርመራውን ወረቀት አገላበጠ። ሹፌሩ በእጁ ጽፎ የሰጠው ቃል ነበር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበው። «ሽቦው ከዚህ በፊት ተጠግኖ እንደሆነ፣ ማንስ እንደጠገነው አላውቅም።»

ጋሽ አምፖል አማቹን ቀና ብሎ አየው። ሹፌሩ መሬት መሬት ያያል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠርጥሮ፣ ወህኒውን ለራሱ ይዞት ነበር።

«ልጅህ የተወለደ ዕለት የሆነውን እንዴት ነው የማታውቀው?» አለው።

«እርስዎን እንዴት ልጥራ፣ አባባ?» አለ ሹፌሩ።

«በስሜ ነዋ» አለና ወደ አለቃው ዞረ። «ክሩ እንዳይነካ፣ መርማሪዎቹ እንዳለ ይዩት። ሊድ ያላደረግሁት እኔ ነኝ፤ በስሜ ጻፈው።»

አለቃው እስክሪብቶውን አወጣና ቆመ። ሠላሳ ዓመት ጋሽ አምፖል ሲለው ኖሮ፣ ስሙን ማን እንደሚሉት መጠየቅ ነበረበት። ጠየቀው፣ ነገረው፣ ተጻፈ። ጋሽ አምፖል አምፖሏን ከኪሱ አውጥቶ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠና፣ የሞተረኛው እናት ቤት በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀ።